የዓርብ ዝምተኛ ደዋይ

መርካቶ፣ ዱባይ ተራ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ መስፍን
ደብረ ማርቆስ

ጋሼ፣ እንዴት ከርመዋል? ልጅዎ፣ ምራትዎ፣ የልጅ ልጆችዎ ሰላም ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። አባቴ «መስፍንን ሰላም በይልኝ» ብሎዎታል፤ ከታመመ ወዲህ ሱቅ የሚወጣው አልፎ አልፎ ነው። ከእንቁጣጣሽ ወዲህ ስለጠፋሁብዎ አፉ ይበሉኝ። የስልካችን ሰርቨር ሲታመም ብቻ የማስታውስዎት እንዳይመስልብኝ ፈርቼ ነበር፤ ይኸው ሲታመም ጻፍኩ፣ እንግዲህ እንዳሻዎ ይሙኝ።

«ቴሌግራም ላይ እንደ ታክሲ ረዳት በግማሽ ቃል አትጥሪኝ፤ ጆሮዬ ከከዳኝ ወዲህ ማንበብ ብቻ ነው የቀረኝ፣ እንደ ሰው ቁጭ ብለሽ ጻፊልኝ» ስላሉኝ ቁጭ ብዬአለሁ። ኢሜይል ቢሆንም ደብዳቤ ነው ብለው ይቁጠሩልኝ።

በቴሌግራም ሌቦች ሰርቨሩ ውስጥ ገቡብን ስልዎ «በየት ገቡ?» ላሉኝ፣ በፈርሀት ጫማ ቤት ቁጥር ነው የገቡት። ፈርሀት ምስኪኑ ምንም አላጠፋም፤ ነገሩ የአደራ ነገር ነው። ያውቁታል፣ ጁምዓ ሲደርስ እኛ ሱቅ አንዘጋም። በርጩማ በሩ ላይ ጋደም አድርገን ለጎረቤት «አደራ» ብለን ነው የምንሄደው። እርስዎ ይህን የኢንተርኔት ስልክ ተክለውልን ለየሱቁ የውስጥ ቁጥር ሲሰጡ፣ ፓስወርዱን ረጅምና አስቸጋሪ አድርገውት ነበር። እርስዎ ማርቆስ በገቡ በሳምንቱ የፎቁ ሰው ተሰብስቦ «ሶላት ስሄድ ጎረቤቴ ስልኬን በምን ያንሳልኝ?» አለና፣ የእያንዳንዱ ሱቅ ፓስወርድ የሱቁ ቁጥር ራሱ ይሁን ተባለ። ጎረቤቴ በራሱ ሞባይል የኔን ቁጥር ከፍቶ ደንበኛዬን ያነጋግርልኛል፣ እኔም የሱን። ደስ ይል ነበር ወላሂ። ሌባንም ደስ ይለው ኖሯል።

በፈርሀት ስም ገብቶ በኛ ሂሳብ ስማቸውን ሰምተን ወደማናውቃቸው ደሴቶች ሲደውል የሰነበተው ማን እንደሆነ አላህ ይወቀው። መስመሩን የሚሰጡን ሰዎች ናቸው ነቅተው የነገሩኝ። ያኔውኑ ወደ ውጭ አገር የሚወጣውን ጥሪ በሙሉ ቆረጥኩ። አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፤ ስልኮቹ ያለ ደዋይ ይጮኻሉ። ስናነሳው ማንም የለም። ጋሽ ወልደሚካኤል፣ የህንፃችን ነጋዴዎች ሰብሳቢ፣ ትናንት ደረጃውን እየረገጡ መጥተው «ይህን ኮምፒውተር አውጥታችሁ ጣሉልኝ፣ ቁጥሩም ይሰረዝ! ከገና በፊት ባለው ቅዳሜ ተሰብስበን እንወስናለን» ብለው ሄዱ።

እርስዎም «ቁጥሩን ቀይራችሁ ከአዲስ ጀምሩ» ሊሉኝ ይችላሉ። ጋሼ፣ እባክዎ ይህን አይበሉኝ። እህቴ ዋፋ ዓረብ አገር ሠራተኛ ሆና ከሄደች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ከሰኔ ጀምሮ ድምጿ ጠፍቷል፤ ሞባይሏን ቀምተዋት ነው የሚመስለኝ። የላካት ኤጀንሲ «ደህና ናት» ከማለት ሌላ ወሬ የለውም። የኔም የእናታችንም ቁጥር ያለው ሞባይሏ ውስጥ ነው እንጂ በቃሏ አይደለም። በቃሏ የምታውቀው ቁጥር አንድ ነው፤ ከአባቴ ሱቅ በር በላይ የተጻፈው፣ እርስዎ ወደ ሰርቨሩ ያዛወሩት፣ ዛሬ የህንፃው ሁሉ መጥሪያ የሆነው። ከልጅነቷ ጀምሮ እዚህ ሱቅ ስታነሳው ያደገችው እሱን ነው። እሱ ከተሰረዘ እህቴ የምትደውልበት ቦታ የላትም። ቁጥሩ ሳይነካ ሌባውን እንዴት እንደማስወጣ ያስተምሩኝ። እግርዎ ላይ ወድቄ ነው የምለምንዎት።

አክባሪዎ ጠሂራ ሐምዱ


ደብረ ማርቆስ
ጥቅምት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጎበዟ ልጄ ለጠሂራ

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ስለ ጆሮዬም ልንገርሽ፣ ልጄ የገዛልኝ መሣሪያ ያፏጫል እንጂ አያሰማም። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስልክ ስጠግን ኖሬ ዛሬ ለኔ «ሃሎ» የሚል ጠፋ። ምን ይደረጋል! ዓይኔ ስላልከዳኝ የጻፍሽውን ሁለት ሁለቴ ነው የማነበው። ሐምዱን አይዞህ በይልኝ፤ መድኃኒቱን ይዋጥ፣ እልከኛ ነው።

በመጀመሪያ ላመስግንሽ። ኮምፒውተር ሲበላሽ ሰው የሚያውቀው ማጥፋትና ማብራት ነው። አንቺ ግን ሌባው በየት እንደገባ አገኘሽ፣ የሚያፈስበትን ቆረጥሽ፣ ከዚያ በኋላ ነው የጻፍሽልኝ። እኔ በአንቺ ዕድሜ ብሆን መጀመሪያ እሮጥ ነበር፣ እውነቴን ነው። ሳስተምርሽ «አትጣደፊ» እልሽ የነበርሽው ልጅ እንዲህ ትሆኛለሽ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ግን ጠብቆ ማየትም ደስ ይላል።

አሁን ወደ ሥራሽ። ፓስወርዱን መልሰሽ ረጅም አድርጊው፣ ለየሱቁ የተለያየ፤ ሰው አይምረጠው፣ ኮምፒውተሩ ይምረጥ። ቀጥሎ ዘበኛ ትቀጥሪያለሽ። ፓስወርድ ደጋግሞ የሚሳሳተውን እያየ ራሱ የሚያባርር ፕሮግራም ነው፤ ስሙን ለብቻ እልክልሻለሁ። ሰርቨሩን የምታዢበት ገጽ ከህንፃው ውጭ ላለ ሰው ፈጽሞ አይከፈት። ያለ ደዋይ የሚጮኸው ነገር ደግሞ ጋኔን አይደለም፣ ለወልደሚካኤል ንገሪው። ቀን ከሌት ዓለምን እየዞሩ የሰውን ሰርቨር የሚያንኳኩ ሮቦቶች ናቸው። መስመሩን ከሚሰጧችሁ ሰዎች በቀር ማንም በቀጥታ ጥሪ እንዳያስገባ አድርጊ፣ ጩኸቱ ይቆማል። ማንም የማይጠቀምበትን በር ሁሉ ዝጊ።

አንድ የማትወጂውን ነገር ልጠይቅሽ ነው። እስከ ገና ድረስ ከውጭ አገር የሚገባውንም ጥሪ ዝጊው። ስለ ዋፋ የጻፍሽውን አንብቤ ይህን ማለት ይከብደኛል። ነገር ግን ወልደሚካኤልን አውቀዋለሁ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ችኩል ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ሌባ ደግሞ ቢገባ ስብሰባውንም ሳይጠብቅ ራሱ ሄዶ ያሰርዘዋል፣ ያኔ ዋፋም ቁጥሩም ይጠፉብሻል። አስቢበት።

አባትሽ መስፍን


መርካቶ፣ ዱባይ ተራ
ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ

የላኩልን ማር በጎጃም በረንዳው ዘመድዎ በኩል ደርሶናል። አባቴ ተቀብሎ ደብቆታል፣ እኛ ሽታው ነው የደረሰን። እግዜር ይስጥልን።

«ዘጋሽው ወይስ አልዘጋሽውም?» ብለው ሦስቴ ጠይቀውኝ ዝም ብዬዎታለሁ። አልዘጋሁትም። ይቆጡኝ። ሌላውን ሁሉ እንዳሉኝ አድርጌአለሁ፣ ከውጭ አገር የሚገባውን ጥሪ ለመዝጋት ግን እጄ እምቢ አለኝ። ዋፋ ዛሬ ብትደውልስ? እላለሁ፤ ነገም ያንኑ እላለሁ።

የፓስወርዱን ጉድ ልንገርዎት። ለየሱቁ አዲሱን ስሰጥ ፎቁ ተነሳብኝ። ፈርሀት «ጎረቤቴን ሌባ ልታደርጊብኝ ነው?» ብሎ አኮረፈ። ቢኒ የቦርሳው ደግሞ አላኮረፈም፣ ተቀበለኝ፣ አመሰገነኝ፤ ከዚያ ለጎረቤቱ እንዲመች ብሎ ፓስወርዱን ሱቁ መስታወት ላይ በማርከር በትልቁ ጻፈው። አለፍ ገደም የሚል ሁሉ ያነበዋል። ልሳቅ ላልቅስ አላወቅሁም።

ከዚያ ተቀምጬ አሰብኩ። ሰዎቹ የፈለጉት ፓስወርድ አይደለም፣ አደራ ነው። ስለዚህ አደራውን ሰርቨሩ ራሱ እንዲያደርስ አደረግሁት። ዓርብ በሶላት ሰዓት የአንድ ሱቅ ስልክ ካልተነሳ፣ ጥሪው በራሱ ወደ ጎረቤት ሱቅ ያልፋል። ማንም የማንንም ፓስወርድ ማወቅ አያስፈልገውም። የኛ ሱቅ ጥሪ የሚያልፈው ወደ እትዬ ሸዋርካብሽ አንሶላ ቤት ነው፤ እሳቸው ክርስቲያን ስለሆኑ ዓርብ ሱቃቸው ውስጥ ናቸው። ፈርሀት ሠርቶ ሲያየው «ይሄስ ሞያ ነው» ብሎ ኩርፊያውን ተወ። ቢኒም መስታወቱን ጠረገ።

በሮቹንም አይቻለሁ። ሰርቨሩ ከኢንተርኔት የሚቀበልባቸውን በቁጥር የሚጠሩ በሮች አንድ በአንድ ሳያቸው፣ ቁጥራቸው ከአሥር ሺህ በላይ የሆነው ብዙዎቹ እንዲሁ ክፍት ተቀምጠዋል። ምን ይሠራሉ ብዬ ሁሉንም ዘጋሁ። ከዘጋሁ በኋላ ኮምቦልቻ እናቴ ጋ ደወልኩ፣ ይሰማል። ከመሳለሚያ ደንበኛ ደወለ፣ ይሰማል። እሰይ አልኩ። ይህን ያደረግሁት ደብዳቤዎ በደረሰኝ ሳምንት ነው፤ ያለ ደዋይ የሚጮኸውም ያኔውኑ ቆመ።

አንድ ብቻ አስቸጋሪ ቀርቶናል። በየሳምንቱ ዓርብ፣ እኔ አንዋር መስጊድ ሳለሁ፣ ይደውልና እትዬ ሲያነሱት ዝም። እትዬን ደግሞ ያውቋቸዋል፤ ዝም ለሚል ሰው ዝም አይሉም። ስልኩን ይዘው ተግሣጽ ይሰጡታል፣ «ሥራ የለህም? እናት የለህም?» ይሉታል። ትናንት በጣም ተናደው ነበር። ቁጥሩም አይታይም። ቁጥር የማያሳየውን ጥሪ ሁሉ ልዝጋና ልገላገል ወይ? እርስዎ ምን ይላሉ? ነገ እሑድ ቁጭ ብዬ እሠራዋለሁ።

አክባሪዎ ጠሂራ


ደብረ ማርቆስ
ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጠሂራ፣

ምንም ነገር እንዳትዘጊ። ዘግተሽ ከሆነ አሁኑኑ ሄደሽ ክፈቺውና ተመልሰሽ የቀረውን አንብቢ።

ሮቦት ዓርብን አያውቅም። ማክሰኞም ያንኳኳል፣ እሑድም ያንኳኳል። በየሳምንቱ ዓርብ፣ ያውም በጁምዓ ሶላት ሰዓት ብቻ የሚደውል ሰው ነው። በዚያ ሰዓት ወንዶቹ ሁሉ መስጊድ ሄደው የሳሎኑ ስልክ ያለ ጠባቂ የሚቀረው የት አገር ነው? አንቺ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ።

ዝምታውን ላስረዳሽ። በኢንተርኔት ስልክ ጥሪውና ድምፁ በአንድ በር አይገቡም። «ስልክ ተደውሏል» የሚለው መልእክት በአንዱ በር ይገባል፤ የሰው ድምፅ የሚገባው ግን አንቺ ባዶ ናቸው ብለሽ በዘጋሻቸው በሮች ነው። ሰው ሲያወራ ብቻ ነው የሚሠሩት፣ ለዚያ ነው ባዶ የመሰሉሽ። የአገር ውስጡ ድምፅ የኛ ድምፅ በወጣበት መንገድ ስለሚመለስ ሰርቨሩ አውቆ ያስገባዋል። ከውጭ አገር የሚመጣው ግን አንዳንዴ በሌላ መንገድ ዞሮ ይመጣና በሩ ሲዘጋበት ደጅ ይቀራል። ስለዚህ ሸዋርካብሽ የሚሰሙት ዝምታ ነው። ማዶ ያለችው ግን እሳቸውን አጥርታ ትሰማለች።

በዚህ ሥራ ያለፈ ሰው ሁሉ ይህን በር አንድ ቀን ሳይዘጋ አላለፈም፤ እዬዬ አትበዪ። በሮቹን መልሰሽ ክፈቺ። ጥሪ በሌለበት ሰዓት ሰርቨሩ በነሱ ማንንም አያናግርም፣ ሌባ አይገባባቸውም። ከዚያ ከውጭ አገር ሰው አስደውለሽ አረጋግጪ።

ከውጭ የሚገባውን ዝጊ ስልሽ እምቢ ያልሽኝ እግዚአብሔር ይስጥሽ። እሺ ብለሽኝ ቢሆን ደውላ እንደነበርም አናውቅም ነበር። ሸዋርካብሽን ዋፋን ምን እንዳሏት ጠይቂያቸውና ጻፊልኝ።

መስፍን


መርካቶ፣ ዱባይ ተራ
ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

«እትዬ ምን አሏት?» እያሉ ሲጠይቁኝ ዝም ያልኩት መጻፉ ስለከበደኝ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

በሮቹ ተከፍተዋል፣ እሱን መጀመሪያ ልንገርዎት። ለፈርሀት ጫማ የሚልክለት ሰው ከቻይና እንዲደውል አስደረግሁ። ሳልከፍት ደወለ፣ ዝም። ከፍቼ ደወለ፣ እዚሁ አጠገባችን የቆመ ያህል ተሰማን። ጋሼ፣ ሰው ማርቆስ ቁጭ ብሎ፣ ሳይሰማ፣ ሳያይ፣ ከአንዲት የዓርብ ወሬ ተነስቶ እንዲህ ያውቃል? ፈርሀት «ሰውዬው ወሊይ ናቸው እንዴ?» አለኝ። ለቅዱስ ሰው የምንለው ነው፤ ለክርስቲያን ይባል እንደሆነ አላውቅም፣ እኔ ግን አልተቃወምኩም።

አሁን ወደ እትዬ። ደብዳቤዎን ያነበብኩላቸው ጊዜ አንሶላ እያጠፉ ነበር፣ እጃቸው ቆመ። ቀስ በቀስ ሁሉንም ነገሩኝ። መጀመሪያ ቀን ተቆጡ። በሌላው ዓርብ ደግሞ ሲደክማቸው ወሬ ጀመሩ፤ ስለ ገበያው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጃቸው ሰርግ። «ዝም ሲለኝ የሚያዳምጥ መሰለኝ» አሉኝ። አንድ ቀንም «የዚህ ሱቅ ጌታ ሐምዱ ታሞ ተኝቷል፣ ልጁ ብቻዋን ትንገላታለች፣ አንተ ደግሞ ታላግጣለህ» ብለዋል። ዋፋ የአባቷን መታመም የሰማችው እንዲህ ነው ማለት ነው። በመጨረሻው ዓርብ፣ እኔ በጻፍኩልዎት ዋዜማ፣ «ሁለተኛ በዚህ ቁጥር እንዳትደውል! ለፖሊስ ነው የምሰጥህ!» ብለው ጆሮዋ ላይ ዘጉት።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ መጥቶ ሄደ፣ ሌላም ዓርብ መጥቶ ሄደ፤ አልተደወለም።

ተናድጄባቸው ነበር። ልጮህባቸው ተነስቼ ፊታቸውን ሳይ አቃተኝ። «ሁሉንም ሰምታኛለች?» አሉኝ። «ሁሉንም» አልኳቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቁጭ አሉ። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ተላቀስን፣ ምን ልዋሽዎት።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ዋፋ ድምጿ እንደማይገባ አታውቅም። የደረሰባትን ሁሉ ነግራን፣ እየሰማናት ዝም ያልናት ነው የሚመስላት። ከዚያም ፖሊስ ተባለች። እኔ ብሆን እደውላለሁ? እርስዎስ? አሁን ዓርብ መስጊድ መሄድ ትቼ እዚሁ ሱቅ ጓዳ እሰግዳለሁ፣ ከስልኩ አልርቅም። እትዬም ሱቃቸውን ለቢኒ ትተው እኔ ጋ ይመጣሉ። ሁለታችን ስልኩን እያየን እንውላለን። ስብሰባውም እየደረሰ ነው። እንደገና ባትደውልስ፣ ጋሼ? ብትደውልስ ቁጥሩ ተሰርዞ ቢጠብቃትስ?

ጠሂራ


ደብረ ማርቆስ
ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ጠሂራ፣

ትደውላለች ብዬ ቃል ብገባልሽ ውሸታም ነኝ። ስለዚህ የማውቀውን ብቻ ልጻፍልሽ።

ሸዋርካብሽን አትቆጪያቸው። ዝም የሚል ስልክ ሲያነሳ ሁሉም ሰው ይዘጋል፤ እሳቸው ግን ስለ ልጃቸው ሰርግ አወሩላት። እኔ የሰው አፍ ሲንቀሳቀስ እያየሁ ምንም የማልሰማ ሰው ነኝ፤ ቁጣም ቢሆን የሰው ድምፅ ምን ያህል እንደሚናፍቅ ከሳቸውም ካንቺም እኔ አውቃለሁ። ዋፋ ከመጀመሪያው ቁጣ በኋላ ተመልሳ የደወለችው ለምን ይመስልሻል? ድምፅ ፍለጋ ነው። ይህ ድምፅ ደግሞ ከመርካቶ በቀር የትም አይገኝም።

ለወልደሚካኤል አትማጸኚው። ሲለምኑት ይብስበታል። ወንበር ስጪውና ዘበኛው የሚያባርራቸውን በዓይኑ አሳይው። የሠራሽውን ያየ ሰው ሰርዙት አይልም። እኔ በዚህ ሥራ ብዙ ሰው አሠልጥኛለሁ፣ ዲግሪ የያዙም ነበሩባቸው። በር ዝጋ ሲባል የሚዘጋ ሞልቷል። ጎረቤት ለጎረቤት ስልክ እንዲያነሳ እየተወ፣ ሌባን የሚያስቀር አንድም አላየሁም። ይህንን ያሰብሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ አላስተማርኩሽም፣ እኔ ራሴ አላውቀውም ነበር።

ብርቱ ሁኚ። ምግብም ብዪ፤ ሐምዱ በልጅ ልጄ በኩል «አትበላም» ብሎ ከሶሻል።

መስፍን


መርካቶ፣ ዱባይ ተራ
ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ ለጋሽ መስፍን

እንኳን ለጥምቀት በሰላም አደረሰዎ። በቴሌግራም «ደወለች!» ብዬ ብቻ በመላኬ «እንደ ታክሲ ረዳት! ሙሉውን!» ብለው ሲቆጡኝ ሰንብተዋል። አይቆጡኝ። ሙሉው ይኸውልዎት።

ስብሰባው ከገና በፊት ባለው ቅዳሜ ተደረገ። ጋሽ ወልደሚካኤል ገና «ቁጥሩ...» ሲሉ እትዬ ሸዋርካብሽ ተነሱ። «ልጅቱን ያባረርኳት እኔ ነኝ። እስክትደውል ድረስ ይህን ቁጥር የሚነካ ሰው መጀመሪያ እኔን ይንካ!» አሉ። ጋሽ ወልደሚካኤል ስለ ዋፋ አያውቁም ነበር፤ እኔ ለህንፃው ሰው አውርቼው አላውቅም፣ እንዳይታዘንልኝ ብዬ። ወደኔ ዞረው «እውነት ነው?» አሉኝ። ነው አልኳቸው። ከዚያ እንዳሉኝ ወንበር ሰጥቼ ሰርቨሩ ፊት አስቀመጥኳቸው። ሌቦቹ ሲያንኳኩ፣ ዘበኛው ሲያባርር፣ ሌሎች ሲመጡ፣ ደግሞ ሲያባርር አዩ። ረጅም ጊዜ አይተው «ይሄ ሁሉ ሲሆን እኛ ከታች ሻይ እንጠጣለን?» አሉ። ከዚያ ቆባቸውን አውልቀው «አንቺ ልጅ፣ ይቅር በይኝ» አሉኝ። በሁሉም ሰው ፊት ነው። ቁጥሩ እንዲቀጥል አንድም እጅ ሳይቃወም ተወሰነ።

የጋሽ ወልደሚካኤል ነገር እሱ ብቻ አይደለም። በሚቀጥለው ዓርብ ከጁምዓ በፊት በየሱቁ እየዞሩ «ስልክ እንዳትነኩ፣ መስመሩን ለልጅቱ ልቀቁላት» ይላሉ። መስመሩ ብዙ ጥሪ ባንዴ ይችላል ብዬ ባስረዳቸው አልሰማ አሉኝ። ፎቁ በሙሉ ስልኩን አስቀምጦ ተቀመጠ። ዱባይ ተራ በገበያ ሰዓት እንዲህ ዝም ብሎ አይቼ አላውቅም።

ስልኩ ጮኸ። ሁለታችንም እጃችንን ሰደድን፣ የእትዬ ቀደመ። ከፍ አድርጌ ስለነበር ድምፁ ለኔም ይሰማኛል። «እትዬ፣ አይዝጉብኝ» አለች። «ዛሬ ብቻ ነው፣ ሁለተኛ አልደውልም። አባባ እንዴት ሆነ? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።» እንደዚያ የሚያወሩት እትዬ እጀታውን ለኔ ሰጥተው መደርደሪያውን ተደገፉ።

የቀረውን በአጭሩ ልንገርዎት፣ እንዳይጨነቁ። የገባችበት አዲሱ ቤት ሰዎች ዓርብ ዓርብ ሁሉም ይወጣሉ፤ እሷ ስልኩን የምታገኘው ያኔ ብቻ ነው። የቤቱን አድራሻ ነገረችኝ። የጋሽ ወልደሚካኤል የወንድም ልጅ ናሆም እዚያው አገር ይሠራል፤ ከኤምባሲያችን ሰው ጋር ሄዶ ይዟት ወጥቷል። አሁን ያለችው መጠለያ ውስጥ ነው፣ ደህና ናት፤ ወረቀቷ ሲያልቅ ኢንሻአላህ ትመጣለች። አባቴ የደበቀውን ማር ለሷ ነው ብሎ አውጥቶ አሳየን። እናቴም ከኮምቦልቻ መጥታለች። እትዬ በየቀኑ መጠለያው ድረስ በሞባይል እየደወሉ ያናግሯታል፤ አንዳንዴ እኔ ተራ አጣለሁ።

እርስዎን ግን ምን ልበልዎት? አመሰግናለሁ የሚለው ቃል አነሰብኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። የሚሰማ ጆሮ ያለን ሁላችን ያልሰማነውን እርስዎ ሰሙልን።

አሁን የጠየቁኝን ልጻፍልዎት፣ ምን ተባባላችሁ ያሉኝን።

«ዋፋ» ስላት ድምፄን አወቀችው። «ጠሂርዬ» አለችኝ። ከዚያ «ለምንድን ነው የማትመልሱልኝ?» አለችኝ። ቁጣ የለበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

«አንሰማሽም ነበር» አልኳት። «ወላሂ፣ በአላህ ስም፣ ያንቺ ድምፅ አልገባም። የኛ ብቻ ነው የሚደርስሽ። ስህተቱ የኔ ነው፣ ኋላ አስረዳሻለሁ።»

«ያን ሁሉ ሳወራ?»

«አንዲት ቃል አልደረሰችንም።»

ትንፋሿ ይሰማኛል። በየዓርቡ ብቻዋን የነገረችን ሁሉ፣ የለመነችን ሁሉ እንዳልደረሰን እስክታምነው ጠበቅኋት። እትዬ ክንዴን ጨብጠው ያዙኝ። በመጨረሻ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ።

«እሺ በቃ፣» አለችኝ፣ «ከመጀመሪያው ልንገርሽ።»

ጠሂራ